ግማሽ ጭነት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለትንሿ ረዳቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ሰው አያሳጣሽ። እኔ ደህና ነኝ። መኪናዋም ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት እስክንሞቅ ሁለታችንም ትንሽ እንሳላለን እንጂ ሌላ ሕመም የለብንም።

ለምን አትደውልም እያልሽ በየደብዳቤሽ ትወቅሺኛለሽ። ነገርኩሽ እኮ፣ ስልክ አይመቸኝም። ስትደውዪ የማላነሳው ንቄሽ አይደለም። መልእክት በጣትህ ጻፍ ያልሽኝንም ሞክሬው ነበር፤ አንዱ አውራ ጣቴ ሦስት ፊደል ባንዴ ይጫናል። ጅራቴ ከጎኔ ሆኖ አየና «ከማን ጋር ነው የምትሰዳደበው?» አለኝ። ስለዚህ በወረቀት ቻይኝ።

ጅራቴን መቼም አትረሽውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋቢናዬ ውስጥ ጉብ ብለሽ «ረዳት ነኝ» ስትይ፣ በሌላ መኪና ከኋላችን ይከተለን የነበረው ቀጭኑ ሰውዬ ነው። ዕድሜ ልኩን ከኋላዬ ስለነዳ ሾፌሮቹ ስም አወጡለት፤ እሱም አልከፋውም። አሁን ግን ቀጭን አይደለም፤ ሆዱ መሪውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማህበራችን ጭንቅ ላይ ነው። ጭነት የሚሰጠን ፋብሪካ «ናፍጣ ታባክናላችሁ፣ ጭሳችሁም በዝቷል፤ ዕቃዬን የሚገዙኝ ሰዎች እያንዳንዱ ጆንያ ስንት ጭስ አስወጥቶ እንደመጣ ይጠይቁኛል። እስከ ክረምት ካላስተካከላችሁ ጭነቱን ለባቡር እሰጣለሁ» ብሎናል። ለባቡር ከሰጠ ደግሞ አለቀልን፤ ይሄ ሁሉ ሾፌር ከነቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሊቀመንበራችን ስብሰባ ጠርቶ «እስቲ ሐሳብ ስጡ» ሲል ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ አፌ አላርፍ አለና ተነሳሁ። «የእህቴ ልጅ በሰው አገር የስንት መቶ መኪና ስምሪት የምታወጣ ናት፤ ለሷ ይሄ ምኗም አይደል» አልኩ። ጭብጨባውን ብታዪው! አሁን ሁሉም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ልጅቷስ?» ይለኛል። ጉድ ሳልሆን አውጪኝ።

የሚያስብልሽ
አጎትሽ


ጥቅምት 29

ለምወድህ አጎቴ፣ ለጋሽዬ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። መኪናዋንም ከሳሏ ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ፈጣሪ ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ።

ሳቅኩብህ፤ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ ከት ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ሲል ደነገጥኩ። እውነቱን ልንገርህ ጋሽዬ፣ እዚህ ስስቅ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነው።

የምሠራበትን ክፍል ጠይቀኸኝ ነበር። ግድግዳው በሙሉ ካርታ ነው። መኪኖቹ ነጥብ ናቸው፤ ሲሄዱ አረንጓዴ፣ ሲቆሙ ቀይ። የቱ ባዶውን እንደሚመለስ፣ የቱ ሲጠብቅ እንደዋለ፣ የቱ ናፍጣ እንደፈጀ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዱንም ሾፌር ግን በመልክ አላውቀውም። ከጎኔ የሚቀመጠው ሰውዬ ጠዋት ራሱን ነቅነቅ ያደርግልኛል፣ ማታም ነቅነቅ ያደርግልኛል፤ በቃ፣ የቀኑ ወሬ ይኸው ነው። አንዳንድ ቀን ቤት ገብቼ ለራሴ አንድ ነገር ስናገር ድምፄ ይሻክራል፣ ለካ ቀኑን ሙሉ አላወራሁም።

ስለዚህ ደስ እያለኝ ነው የምሠራላችሁ። ለሊቀመንበሩ እንዲህ በለው፤ ጭስ ለመቀነስ የግድ አዲስ መኪና መግዛት አያስፈልግም። ትልቁ ብክነት ያለው ሳይጭኑ በሚኬደው መንገድ ላይ ነው። ወደ ወደቡ ስትወርዱ ሙሉ እንደምትጭኑ አውቃለሁ። መመለሻውንስ? ማን ከማን ጋር፣ በየት በኩል፣ ምን ያህል ጭኖ እንደሚመለስ በደንብ አስረዳኝ።

ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ደውልልኝ። ድምፅህን ከሰማሁ ምን ያህል እንደቆየሁ ታውቃለህ? «አለሁ» ብለህ ዝጋው፤ ሌላ አልፈልግም።

የእህትህ ልጅ
ረዳትህ


ኅዳር 20

ይድረስ ለረዳቴ፤

ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ የምግብ ፍላጎትሽን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ምን ዓይነት ሰውዬ ነው ግን ራሱን ብቻ የሚነቀንቅልሽ? እንሽላሊት ነው እንዴ? አንድ ቀን «ሰውዬ፣ አፍ አለህ ወይ?» በይው።

መመለሻውን ጠየቅሽኝ። እሱ ነው የኛ ትልቁ ነገር፣ ልብ ብለሽ አንብቢው። ወደቡ ላይ የመመለሻ ጭነት ሁልጊዜም ጥቂት ነው። ሁለት መኪና ደርሰን አንድ መኪና የሚሞላ ዕቃ ብቻ ይገኛል። ድሮ በዚህ ጉዳይ ስንት ፀብ ነበር መሰለሽ፤ ለጭነት ብሎ ሰው የክራንክ ብረት ይማዘዝ ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ሾፌሮች ተሰብስበው አንድ ሥርዓት አወጡ። ሁለት ሁለት ሆነን ጥንድ እንሆናለን፤ የተገኘውን ለሁለት ተካፍለን ግማሽ ግማሽ እንጭናለን፤ አብረን እንመለሳለን። ማንም ባዶውን አይገባም፣ ማንም ብቻውን አይመጣም። ያንን ሥርዓት አክብረን ነው እዚህ የደረስነው።

እኔና ጅራቴም እንደዚያው። ትልቁ ቁልቁለት ላይ እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ነው። ከኋላዬ አንድ ነገር ካየ መብራቱን ብልጭ ያደርግልኛል፣ እኔ በመስታወት አየዋለሁ። ሁለቴ ከሆነ ቀስ በል ነው፣ ሦስቴ ከሆነ ቁም ነው። ሲደብረው ደግሞ ያለ ምክንያት ብልጭ ያደርጋል፤ ቆሜ ወርጄ «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም፣ ናፍቀኸኝ ነው» ይላል። ሽማግሌ ሆኖ አይረባም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርሽ። እዚያ ለጭነት መኪና የሚሆን ሰፋፊ የጎን መስታወት ይገኛል አሉ፣ ተሳቢውን እስከ ጎማው ድረስ የሚያሳይ። ሁለት ብትልኪልኝ፣ ለቀኝም ለግራም። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 18

ለጋሽዬ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ለጅራትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከረሜላ እንዳልነፈገኝ አልረሳሁም።

መስታወቶቹን ልኬልሃለሁ። በዚህ ዕድሜህ እንዲህ መልክህን ለማየት መጓጓትህ ግን አላማረኝም፤ ያየሃት ሴትዮ አለች እንዴ? ካለች ደብቀህ አትጨርሰውም፣ ንገረኝ።

ስምሪቱንም ጨርሼ ለሊቀመንበሩ ልኬያለሁ። ከእሱ ቀድመህ አንተ ከእኔ አፍ እንድትሰማው ነው የምጽፍልህ። ጋሽዬ፣ ተናደህ ወረቀቱን እንዳትቀደው። ጥንድ ሆኖ መመለሱ መቅረት አለበት። ግማሽ የጫነ መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ሙሉ ከጫነው ብዙም አያንስም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመለሱ ለአንድ ጭነት ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ሁለት ጊዜ ታጨሳላችሁ። አንዱ ሙሉውን ጭኖ ይመለስ። ሌላው ወደቡ ላይ ቆይቶ ቀጣዩን ሙሉ ጭኖ ይምጣ። ፀብ እንዳይነሳ ተራውን ማህበሩ ያወጣል። እንዲህ ከሆነ ፋብሪካው የጠየቃችሁን ያህል ይቀንሳል፤ እንዲያውም ይበልጣል። አስልቼው አስልቼው አንድም ቦታ አልፈረሰብኝም።

የአባቶችን ሥርዓት አፈረሰች እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ባቡሩ ከሚወስድባችሁ ይሄ አይሻልም?

ቅዳሜ ቅዳሜና እሁድ እሁድ ነው የሠራሁት። ምግብ የምበላበት ጠረጴዛ ላይ መንገዳችሁን ዘርግቼ፣ እዚህ ጋ ድልድዩ፣ እዚህ ጋ ቁልቁለቱ፣ እዚህ ጋ ጋሽዬ ቆሞ ጎማ በእግሩ ሲመታ እያልኩ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደነዚያ ቀናት ብቸኝነቱ ቀለል ብሎልኝ አያውቅም። አሁን ጨረስኩትና ጠረጴዛው ባዶ ሆነብኝ።

ረዳትህ


የካቲት 10

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ? ለመዘግየቴ ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስምሪትሽ ሠርቷል። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ስምሽን ሲያነሳ ሁሉም ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ፋብሪካው ውሉን አደሰልን። ባቡሩ ቀረ። ልጆች ያሏቸው ሾፌሮች ቤታቸው ቶሎ ቶሎ እየገቡ ነው፤ አንዱ «ሚስቴ ሰለቸችኝ» ብሎ አስቆናል። እኔም ባንቺ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። ይሄን እንድታውቂ እፈልጋለሁ፤ ኮርቼብሻለሁ።

መስታወቶቹም ደርሰው ገጥሜያቸዋለሁ። የሰማይ ዳርቻ ነው የሚያሳዩት። ሴትዮ ግን የለችም፣ አትድከሚ።

ጅራቴና እኔ ተራችን ተለያይቷል። እኔ ስወርድ እሱ ይወጣል። ሜዳው ላይ እንተላለፋለን፤ መብራት እናበራለን፣ እጃችንን እናወጣለን፣ በቃ አለፍን። አንድ ጊዜ ቆመን ልናወራ ብለን ከኋላችን የነበሩት መኪኖች መንገድ ዘጋችሁ ብለው አዋከቡን። መስታወቱ ሰፊ ነው ብዬሻለሁ፤ አሁን ከኋላዬ ማንም እንደሌለ በደንብ ያሳየኛል።

እስቲ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ቁልቁለቱን ጨርሼ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ዳር ሁለት እጇን እያወዛወዘች ትዘላለች። ምን ዓይነት ሰው ወዳድ ናት ብዬ እኔም እጄን አውጥቼ ሰላም አልኳት። ትንሽ ሄጄ በመስታወት ሳይ ተሳቢው በጭስ ታፍኗል። ለካ ጎማው ፈንድቶ በቸርኬው ብረት ነው የምጎትተው! ጭስ ቀንሱ የሚለን ፋብሪካ እንኳንም ይሄን አላየ። ጅራቴ ሰምቶ ግን አልሳቀም።

አጎትሽ


የካቲት 27

ለጋሽዬ፤

ጤናህን እጠይቃለሁ፤ የዛሬው የለመድከው ሰላምታ እንዳይመስልህ፣ የእውነት ነው የምጠይቅህ።

ታሪክህን መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ቆይቼ ግን ደግሜ አነበብኩት። ጋሽዬ፣ የተሳቢ ጎማ ሲፈነዳ እኔ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አብሬህ ስሄድ ፈንድቶ ከእንቅልፌ ባንኜ እግርህ ላይ የተጠመጠምኩት እኔ ነኝ። በመንደሩ ያሉ ውሾች ሁሉ ነበር የጮኹት። አንተ ያንን እንዴት ሳትሰማ ቀረህ?

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣብኝ። የማትደውልልኝ። ስደውል የማታነሳው። መስታወቱ። ጅራትህ በመብራት የሚያናግርህ።

በሞቴ አትዋሸኝ። ትሰማለህ ወይ?

ረዳትህ


መጋቢት 15

ይድረስ ለልጄ፤

በሞቴ ካልሽ ምን ማድረግ እችላለሁ። አልሰማም።

የግራው ከሄደ ቆየ። የቀኙ ደግሞ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ድምፅ ነው፤ አለ እላለሁ፣ ከዚያ የለም። የሞተሩ ጩኸት ነው የበላው አለኝ ጅራቴ፤ ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም፣ ምን ቆርጦኝ! ድሮ ሊቀመንበሩ ሲጨቀጭቀኝ ጆሮ ዳባ ልበስ እል ነበር፤ አሁን ሳልለው ለበሰልኝ። ሰው ሲያወራ አፍ አፉን አያለሁ፣ ሌሎች ሲስቁ እስቃለሁ። ስብሰባው ላይ ያጨበጨቡልሽን ጭብጨባ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ስልኩን ስትደውዪ እጄ ላይ ሲርገበገብ አውቀዋለሁ። እስኪያቆም ድረስ ይዤው እቀመጣለሁ። አንስቼ «አቤት? አቤት?» እያልኩ አንቺን ላስለቅስ? እሱን አልፈለግኩም።

የሚያውቀው ጅራቴ ብቻ ነው። ጆሮዬ እሱ ነበር። አንቺ ላይ አልፈርድም፤ ከየት አባትሽ ታውቂያለሽ? ሥራሽ ልክ ነው። ጥንዱ ይመለስልን ብዬ እንዳልጠይቅ «ምክንያትህ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ምክንያቴን ከነገርኳቸው መንጃ ፈቃዴን በዚያው ይቀሙኛል።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። ይሄን ደብዳቤ አንብበሽ ዋጪው። ሚስት አላገባሁ፤ ካንቺ ሌላ ልጅ የለኝ፤ አንቺም እዚያ ነሽ። ከተማ ውስጥ ያለኝ ክፍል ልብስ መቀየሪያ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ቤቴ ያቺ ጋቢና ናት። ከዚያ ካወረዱኝ የት ልግባ? አደራሽን።

አጎትሽ


መጋቢት 30

ለጋሽዬ፤

ፈጣሪ ይጠብቅህ። በዚህ ሰሞን ከአፌ የማይጠፋው ይሄ ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። ለሊቀመንበሩ ምክንያቱን ሳልነግር ጻፍኩለት፤ እናንተን ሁለታችሁን ብቻ ወደ ጥንድ እንዲመልሳችሁ። «ለእነሱ ከፈቀድኩ ሁሉም ይጠይቀኛል፣ ሁሉም ከተመለሰ ደግሞ ውሉ ይፈርሳል። ባይሆን ምክንያቱን ንገሪኝ» አለኝ። እሱን ደግሞ አንተ አደራ ብለኸኛል። ለቁልቁለቱ ደህንነት ነው ብል ሁሉንም ጥንድ ማድረግ ሊኖርበት ነው፤ በሁሉም በኩል ሞከርኩት፣ መውጫ የለውም። ራሴ አጥሬ ራሴ ተዘጋሁበት።

አንተ ራስህ ንገራቸው። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለጆሮ የሚደረግ መሣሪያ አለ፣ እኔ እልክልሃለሁ። እስከዚያ ድረስ መኪናዋን አቁማት። እየለመንኩህ ነው ጋሽዬ፤ መቼ ለምኜህ አውቃለሁ?

ሥራ ቦታ ካርታው ላይ አንድ ነጥብ በድንገት ቀይ ሲሆን ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ከዚያ የአንተ መኪና እዚህ ካርታ ላይ እንደሌለች ትዝ ይለኛል። የማላውቃቸውን የስንት ሰዎች መኪና እያየሁ፣ የማውቃትን አንዷን ማየት አልችልም።

ቶሎ መልስልኝ።

ረዳትህ


ሚያዝያ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደህና ነኝ።

ስለዚያ ጉዳይ ከእንግዲህ እንዳታስቢ። ተሽሎኛል። ጅራቴ የነገረኝን ዘይት አሙቄ ጠብ አድርጌበት ተከፈተልኝ። ትናንት ዝናብ ጣለ፤ ጣራው ላይ ሲወርድ ቁጭ ብዬ ስሰማው አመሸሁ። ሞተሩንም እሰማዋለሁ። ለካ ቆሻሻ ነበር የዘጋው፤ በባዶ ሜዳ አስጨነቅኩሽ።

መሣሪያ አትላኪ። በሥራ ብዛት ደብዳቤ ካዘገየሁም አትጨነቂ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 28

ለጋሽዬ፤

ፈጣሪ ይጠብቅህ። ይሄን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ዘይት አይመልሰውም። ሐኪም ጠይቄያለሁ። በሞተር ጩኸት የሄደ ጆሮ በዘይት አይመለስም። ዋሽተኸኛል። የዋሸኸኝም እንዳላዝን ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለ ዝናቡ የጻፍከውን ሳነብ ግን አምርሬ አለቀስኩ። ምክንያቱም እንዴት አድርገህ እንደጻፍከው አየሁ፤ የሚሰማ ሰው እንደዚያ አይጽፍም። የናፈቀው ሰው ነው እንደዚያ የሚጽፍ።

ለሊቀመንበሩ ነግሬዋለሁ። ሁሉንም ነገር። ይሄ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጠርቶህ ይሆናል።

አደራ ብለኸኝ አደራህን በላሁ። እናቴ ስትሞት እኔን ጋቢናህ ውስጥ አስቀምጠህ ያሳደግከኝን አንተን ከጋቢናህ አወረድኩህ። ከጅራትህም የለየሁህ እኔ ነኝ። የማልከድበት መንገድ ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም። በየማታው አንተ ቁልቁለቱ ላይ ሆነህ እኔ እዚህ ተኝቼ ማደር አልቻልኩም።

ካንተ በቀር ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው የለኝም። ይሄን አውቄ ነው ያደረግኩት። ከዚህ በኋላ ባትጽፍልኝ አልፈርድብህም።

የእህትህ ልጅ


ሰኔ 20

ለጋሽዬ፤

ደህና ነህ ወይ? ሌላ ነገር አልጽፍም፣ የመጻፍ መብት ያለኝም አይመስለኝም። ሊቀመንበሩ «መኪናውን አስረክቧል» ብሎ ብቻ ነው የጻፈልኝ። በልተህ ታድራለህ ወይ? የት ነው የምትውለው?

የፖስታ ሳጥኑን ከሥራ ስመለስ አየዋለሁ። ጠዋት ስወጣም አየዋለሁ፤ በሌሊት ፖስታ እንደማይመጣ አጥቼው አይደለም።

የእህትህ ልጅ


ነሐሴ 25

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ። እኔ አለሁ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ቶሎ ያልመለስኩት ታምሜ አይደለም፤ ተቀይሜሽ ነው። ምን ያህል እንደተቀየምኩ ልነግርሽ ብዬ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀምጠው ነበር። ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ ሲያወራ አፉን አየሁት፤ ያንቺን ስም ሲጠራ ከአፉ ላይ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፣ አንገቴን ደፋሁ። ሐኪሙ ጆሮዬ ላይ ነገር ደቅኖ «ስትሰማ እጅህን አንሳ» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። እጄን አንዴም ሳላነሳ ነው የወጣሁት። ፈቃዴን ሰጠኋቸው። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ክፍሌ ውስጥ ስቀመጥ መስኮቱ ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚከፈት መሆኑን ገና አሁን አወቅሁ። ስንት ዓመት ተከራይቼው! ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም። አንዷ በር ላይ ሰላም ብላኝ ሳልመልስላት አልፌ ነው መሰለኝ፣ አሁን ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። አልሰማሽም ብዬ ልነግራት ፈልጌ አፈርኩ። ጅራቴ ሲገባ ይመጣል። ጆሮዬ ላይ ሊጮህ ሲል ፊቱ ይቀላል፣ ከዚያ ይተወውና እንዲሁ ቁጭ እንላለን። ሲሄድ ከበፊቱ ይብሳል። ጋቢና ውስጥ ብቻህን ብትሆንም መንገዱ ይሄዳል፤ እዚህ ምንም የሚሄድ ነገር የለም።

መኪናዋን ለሌላ ሾፌር ሰጧት። ጎበዝ ነው ይላሉ። መቀመጫዋን ቀይ ልብስ አለበሳት፣ አስጠልቶኛል። የመጀመሪያ ቀን ይዟት ሲወጣ ግቢው በር ላይ ቆሜ ነበር። ኋላ ጅራቴ እንዳስረዳኝ፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሞ ለማህበሩ ደወለ። «ፍሬኗ አየር እያፈሰሰ ነው፤ ከግቢ ከወጣሁ ጀምሮ ያፏጫል፣ ቁልቁለቱን በዚህ አልወርድም» አለ። መካኒክ ሄዶ ሲያይ ቱቦው አርጅቶ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። «ይሄ የዛሬ አይደለም፣ የቆየ ነው» ብሎ መካኒኩ ራሱ በወረቀት ጽፎ አሳየኝ። አያሳዝንም? የቆየ ነው። ያ ፉጨት ከኔ ጋር ስንቴ ቁልቁለቱን እንደወረደ ፈጣሪ ይወቀው። እኔ እየዘፈንኩ ነበር የምወርደው።

ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና ስንቴ እንደወረድኩ ልቆጥር ሞክሬ አቃተኝ። ሌላ ሰው አልነገርኩም። ላንቺ ነው የምነግረው፤ ለሌላ ለማን ልነግር?

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አንድ ጊዜ ዋሽቼሻለሁ፣ ይበቃል። ገና አልወጣልኝም። መቼ እንደሚወጣልኝም አላውቅም። አንቺ ግን እስኪወጣልኝ ብለሽ እንዳትጠብቂ። ቶሎ ቶሎ ጻፊልኝ፣ ረዥም ረዥም አድርገሽ ጻፊልኝ። ቀኑ አላልቅ ብሎኛል።

አጎትሽ